ታሪክ አጥንቶ እስከ ዶክትሬት ለሚዘልቅ ልጅ የትኛው ኮሌጅ ይሻላል?

እህቴ አምና መስከረም ላይ ደወለችልኝ። «ልጅቷ ታሪክ ነው የማጠናው ብላ ድርቅ ብላለች፤ ኧረ አንድ ነገር በያት። ታሪክ ተምራ ምን ልትበላ ነው?» ይህን ጥያቄ እኔም ከሃያ ዓመት በፊት ከእናታችን አፍ ሰምቼዋለሁ። ልጅቷን ሐሳብሽን ቀይሪ አላልኳትም። ከሥራ ፈቃድ እየወሰድኩ በመኪና ኮሌጅ ለኮሌጅ ይዣት ዞርኩ። ክፍል ገብተን ከተማሪዎቹ ኋላ ተቀመጥን፣ ቤተ መጻሕፍታቸውን አየን፤ ማታ ማታ ደግሞ ከእህቴ ጋር ካልኩሌተር ይዘን ክፍያውን ስናሰላ አመሸን። እዚህ የምጽፈው በዚያ ዓመት ያነጻጸርነውንና እኔ ራሴ ታሪክ አጥንቼ ዶክትሬት እስክይዝ ድረስ ብዙ ከፍዬ የተማርኩትን ነው። ነገሩ አሜሪካ ውስጥ ስላለው መንገድ ነው፤ ምሳሌዎቹም የሚበዙት እንደ እኛ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ከሚቀርቡት ነው።

ከመድረሻው እንነሳ

ኮሌጅ ከመምረጣችሁ በፊት ከአራት ዓመት በኋላ ልጃችሁ ምን ይዞ እንደሚቀርብ እወቁ። ለታሪክ ፒኤችዲ የሚያመለክት ተማሪ የሚጠየቀው ትራንስክሪፕት፣ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ፣ ምን ማጥናት እንደሚፈልግና ለምን እንደሆነ የሚያስረዳበት ጽሑፍ፣ እንዲሁም አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ገጽ የሚሆን የራሱ የምርምር ናሙና ነው። ጂአርኢ የሚባለውን ፈተና ብዙ የታሪክ ትምህርት ክፍሎች ትተውታል። ጥሩ ውጤት የግድ ነው፤ ግን አመልካቹ ሁሉ ጥሩ ውጤት ይዞ ስለሚመጣ ልጁን ከሌላው የሚለየው ናሙናውና ደብዳቤው ነው።

ናሙናው ልጁ ራሱ ሰነድ ፈትሾ፣ ያገኘውን ሌሎች ከጻፉት ጋር አጋጭቶ የጻፈው መሆን አለበት። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ በአንድ ሴሚስተር አይወለድም፤ ሦስት አራት ጊዜ ፈርሶ ይሠራል። ደብዳቤውም እንደዚያው ነው። «በክፍሌ ኤ አግኝታለች፣ ጎበዝ ናት» የሚል ደብዳቤ የቅበላ ኮሚቴው አንብቦ ያልፈዋል። «የመጀመሪያ ረቂቋ ላይ ክርክሯ ደካማ ነበር፤ ክረምቱን አርካይቭ (ቤተ መዛግብት) ገብታ ያገኘችው ሰነድ ሐሳቧን ስላፈረሰው ምዕራፉን ከሥሩ ጻፈችው» የሚል ደብዳቤ ግን በር ይከፍታል። እንዲህ ብሎ ሊጽፍ የሚችለው ረቂቁን ያነበበ ሰው ብቻ ነው።

እኔ ይህን የሚነግረኝ አላገኘሁም። አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሦስት ዓመት ሙሉ ኤ እየሰበሰብኩ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አራተኛው ዓመት ላይ ደብዳቤ ልለምን የሄድኩበት ፕሮፌሰር ቀና ብሎ «ስምሽ ማን ነበር?» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ትምህርቱን የምንከታተለው 240 ነበርን፣ ወረቀቴን ሲያርም የነበረውም ቲኤው (ረዳት ሆኖ የሚሠራው የድኅረ ምረቃ ተማሪ) ነው። በዚያ ዓመት ያመለከትኩባቸው ሁሉ እምቢ አሉኝ። ከዚያ ከኪሴ ከፍዬ ማስተርስ ተማርኩ። የማስተርሱ ትልቁ ጥቅም የሚያውቁኝ ሦስት መምህራን ማግኘቴ ነበር። ይህን ገንዘብና ይህን ዓመት ልጆቻችሁ ዳግም እንዲከፍሉ አልፈልግም።

ስለዚህ ኮሌጆቹን ያነጻጸርነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ የዚህችን ልጅ ረቂቅ ማን ያነብላታል?

ትንሹ ኮሌጅ

ሊበራል አርትስ ኮሌጅ የሚባሉትን፣ በዋናነት የመጀመሪያ ዲግሪ የሚያስተምሩ ትንንሽ ኮሌጆች፣ የኛ ሰው ብዙም አያውቃቸውም። ለቅሶ ቤት «ልጄ ካርልተን ገባ» ብትሉ «የት ነው እሱ?» ይሏችኋል። ግን ለታሪክ ተማሪ ከምንም በፊት መታየት ያለባቸው እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ብዙዎቹ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ስለሌላቸው ወረቀት የሚያርመው ራሱ ፕሮፌሰሩ ነው። ኦሪገን ያለው ሪድ ኮሌጅ ያለ መመረቂያ ጽሑፍ ማንንም አያስመርቅም፤ የተማሪዎቹ ሁሉ ቴሲስ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ላይ ተደርድሮ ይቀመጣል። ኦሃዮ ያለው ዉስተርም እያንዳንዱን ተማሪ በመጨረሻው ዓመት ከአንድ መምህር ጋር አጣምሮ የራሱን ምርምር ያሠራዋል። ፔንሲልቬንያ ያለው ስዋርዝሞር ከ1922 ጀምሮ የሚያካሂደው የኦነርስ (የላቁ ተማሪዎች) ፕሮግራም ደግሞ ከሁሉም ይለያል፤ ተማሪዎቹን በጽሑፍም በቃልም የሚፈትኗቸው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚጠሩ ምሁራን ናቸው። በሃያ አንድ ዓመቷ የማታውቀው የታሪክ ምሁር ፊት ተቀምጣ ሥራዋን የተከላከለች ልጅ ድኅረ ምረቃ ስትገባ አትደነግጥም።

የአሜሪካ መንግሥት ከ1957 ጀምሮ በየዓመቱ ዶክትሬት የሚቀበሉትን ሰዎች የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የት እንደያዙ ይጠይቃል። ከተመራቂዎቻቸው ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ሪድ፣ ስዋርዝሞር፣ ካርልተን፣ ግሪኔልና ብሪን ማር ከላይ ከሚሰለፉት መካከል ናቸው። ይህን ስታዩ ግን አንድ ነገር አትርሱ፤ እነዚህን ኮሌጆች የሚመርጡት ከመጀመሪያውም መጽሐፍ የማይለቁ ልጆች ናቸው። ሁሉም የኮሌጁ ሥራ አይደለም።

ከጎበኘናቸው በአንዱ አሥራ አራት ተማሪ ያለበት ክፍል ገባን። መምህርቷ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ አደለች፤ በ1800ዎቹ አንድ ነጋዴ ለወንድሙ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ከዚያ ገጽ አልወጡም። ለምን ዋጋውን ሁለት ጊዜ ጻፈው? «ሰዎቹ» የሚላቸው እነማን ናቸው? ይህ ደብዳቤ እንዴት እስከ ዛሬ ተረፈ፣ ያልተረፈውስ የቱ ነው? የእህቴ ልጅ ስንወጣ መኪናው ጋ እስክንደርስ አልተናገረችም። ከዚያ «እዚያ ቤት ሰው እንዲህ ያነባል እንዴ?» አለችኝ።

ድክመታቸውንም ልንገራችሁ። የታሪክ መምህራናቸው ብዙ ጊዜ አሥር ገደማ ናቸው። የአፍሪካ ታሪክ የሚያስተምር አንድ ሰው ቢኖር ነው፤ እሱ ሳባቲካል (ለምርምር የሚሰጥ እረፍት) ከወጣ ዓመቱን ሙሉ ትምህርቱ ላይኖር ይችላል። የቋንቋ ምርጫውም ጠባብ ነው። ይህን ችግር የሚያቃልለው ጉርብትና ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ አምኸርስት፣ ስሚዝና ማውንት ሆልዮክ ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብረው ተማሪዎቻቸው አንዱ ኮሌጅ ሆነው ሌላው ጋ ኮርስ እንዲወስዱ ያደርጋሉ። ስዋርዝሞር፣ ሃቨርፎርድና ብሪን ማርም እንደዚሁ ናቸው። ሩቅ ገጠር ብቻውን የተቀመጠ ኮሌጅ ከሆነ ግን በደንብ ጠይቁ።

ለሜሪላንድ ቤተሰቦች አንድ የተዘነጋ አማራጭ አለ፤ ሴንት ሜሪስ ኮሌጅ ኦፍ ሜሪላንድ። የመንግሥት ሆኖ ግን እንደ ትንሽ ኮሌጅ የሚያስተምር ነው። ያለበት ቦታ ደግሞ በ1634 የሜሪላንድ የመጀመሪያ ከተማ የተቆረቆረችበት ስለሆነ የቁፋሮው ሥፍራ ከግቢው ጋር ይዋሰናል።

ትልቁ የስቴት ዩኒቨርሲቲ

የኛ ሰው ልጆች የሚበዙት እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ለስቴቱ ነዋሪ ዋጋው ይቀንሳል፣ ለቤትም ይቀርባል። ደካማ ምርጫ አይደለም። ትልቅ የታሪክ ትምህርት ክፍል ከአርባ በላይ መምህራን ሊኖሩት ይችላል፤ የኦቶማን ቱርክ፣ የህንድ ውቅያኖስ፣ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ፣ የአፍሪካ ቀንድ የሚሉ ዘርፎች በትንሹ ኮሌጅ ጭራሽ አይታሰቡም። ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ የበረታ ተማሪ የድኅረ ምረቃ ሴሚናር (ጥቂት ተማሪዎች እያነበቡ የሚወያዩበት ክፍል) ውስጥም ሊገባ ይችላል።

ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድን ልዩ የሚያደርገው ጎረቤቱ ነው። በ1994 የተከፈተው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሁለተኛ ሕንፃ ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ ከግቢው አጠገብ ነው። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ወረቀት፣ አዲስ አበባ የነበረው የአሜሪካ ሌጋሲዮን (የዲፕሎማቶች ጽሕፈት ቤት) የላከው ሁሉ ሳይቀር፣ እዚያ ተቀምጧል። ቦርሳና እስክሪብቶ ውጭ ትተዋላችሁ፤ የሚፈቀደው እርሳስ ነው። ግራጫው ካርቶን በጋሪ ይመጣል፤ ከውስጡ አንድ ፎልደር ብቻ አውጥታችሁ፣ የወጣበትን ቦታ ምልክት አድርጋችሁ ታነባላችሁ። ከሌላ ስቴትና ከሌላ አገር የሚመጡ ተመራማሪዎች ሆቴል ተከራይተው የሚያነቡትን አንድ የሃያ ዓመት ልጅ በሁለት ክፍሎች መካከል ሄዶ ሊያየው ይችላል። ለናሙና ጽሑፍ ከዚህ የበለጠ ምን ይገኛል?

ቨርጂኒያ ደግሞ ዊልያም ኤንድ ሜሪ አለ። የቀደምት አሜሪካን ታሪክ ለማጥናት ለሚያስብ ልጅ ከ1943 ጀምሮ እዚያ ያለው፣ ይህንኑ ዘመን የሚያጠናው የኦሞሁንድሮ ተቋም ትልቅ ነገር ነው፤ ኮሌጁም የመንግሥት ሆኖ መጠኑ መካከለኛ ነው። ርቆ መሄድ ለማይከብደው፣ ኢትዮጵያንና አካባቢዋን ማጥናት ለሚሻ ልጅ ሚሺጋን ስቴት በአፍሪካ ጥናት የቆየ ስም አለው፤ የኢትዮጵያን ታሪክ ለብዙ ዓመታት ሲያስተምሩ የኖሩት ሃሮልድ ማርከስም የነበሩት እዚያው ነው።

የትልቁ ቤት አደጋ በእኔ የደረሰው ነው፤ ማንም ሳያውቅህ ትመረቃለህ። መፍትሔው ትልቁን ቤት ራስ ለራስ ማሳነስ ነው። የትምህርት ክፍሉ ኦነርስ ፕሮግራም እንዳለው፣ ቴሲስ እንደሚያስጽፍና መቼ ማመልከት እንደሚያስፈልግ ከመግባታችሁ በፊት እወቁ፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ዓመት ላይ ነውና ያላወቀ ያልፈዋል። ሴሚናር ደግሞ እስከ አራተኛ ዓመት አይቆይ።

እዚህ ላይ ስለ ልጆቻችን የምናገረው አለኝ። መምህርን አክብሩ፣ አታስቸግሩ፣ ካልተጠየቃችሁ አትናገሩ ብለን ነው ያሳደግናቸው። ለቤታችን መልካም ነው። አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ ግን ኦፊስ አወር የሚባለው ሰዓት መምህሩ ተማሪ እንዲመጣበት ብሎ በሩን ከፍቶ የሚጠብቅበት ነው። የኛ ልጅ «ምን ብዬ እገባለሁ?» ብሎ በሩ ላይ ይመለሳል፤ ሌላው ገብቶ ተቀምጦ ስለ ንባቡ ያወራል፤ አራተኛው ዓመት ላይ ደብዳቤው የሚጻፍለት ለገባው ነው። ለእህቴ ልጅ የነገርኳት ይህን ነው፦ በሁለተኛው ሳምንት ከንባቡ አንድ ያልገባሽ ቦታ ላይ ጣትሽን አድርገሽ ግቢ። ሌላ ሰበብ አያስፈልግም።

ትልልቆቹ ስሞች

ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን ከገባና ገንዘቡ ከተገኘ ይሂድ፤ ረጅም ክርክር አያስፈልገውም። ፕሪንስተን የታሪክ ተማሪውን በሦስተኛው ዓመት አጫጭር ምርምር፣ በአራተኛው ቴሲስ ያስጽፈዋል፤ በ2001ም የተማሪ ብድርን በእርዳታ በመተካት ቀዳሚ ሆኗል። ስለዚህ ገቢው ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ለሆነ ቤተሰብ እነዚህ ቤቶች ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ሊረክሱ ይችላሉ። «ለሀብታም ነው» ብላችሁ ሳታመለክቱ አትቅሩ። ለስሙ ብቻ ብላችሁ ግን ሙሉውን ክፍያ በብድር አትግቡበት። የቅበላ ኮሚቴ የሚያነበው ናሙናውን ነው።

ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መጀመር

እንደ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ) ባለ የሕዝብ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መዛወር የሚያሳፍር መንገድ አይደለም፤ ገንዘብ ያድናል፣ ክፍሎቹም ትንንሽ ናቸው። አስቸጋሪው ነገር ጊዜ ነው። የተዛወረ ተማሪ ለፒኤችዲ የሚያመለክተው በአራተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ስለሆነ አዲሶቹ መምህራን የሚያውቁት ለአንድ ዓመት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በተዛወረበት ሴሚስተር ሴሚናር ይውሰድ፤ የኮሚዩኒቲ ኮሌጁን ጥሩ መምህር አይተው፤ ከተመረቀ በኋላ አንድ ዓመት ቆይቶ ማመልከትንም እንደ ውድቀት አይቁጠረው። ማስተርስ ከፍሎ ከመማር አንድ ዓመት እየሠሩ ናሙናውን ማሻሻል ይሻላል።

የራሳችንን ታሪክ ለሚፈልግ ልጅ

ሁሉም ልጅ ኢትዮጵያን ያጥና አልልም። የእህቴ ልጅ የምትወደው የወደብ ከተሞችን ነው። የሚፈልግ ካለ ግን ሦስት ቦታዎች ልጠቁም። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ነው፤ ዊልያም ሊዮ ሃንስበሪ ከ1922 ጀምሮ የአፍሪካን ታሪክ ያስተማሩት፣ ለኢትዮጵያም የቆሙት እዚያ ሆነው ነው። የጥቁር ሕዝቦችን ታሪክ ሰነዶች የሚይዘው የሙርላንድ ስፒንጋርን የምርምር ማዕከልም በግቢው ውስጥ ይገኛል። እዚያው ዋሽንግተን ያለው ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ግዕዝን ሲያስተምር የኖረ ነው፤ ክርስቲያናዊም እስላማዊም የሆኑ የኢትዮጵያ ጥንታዊ ጽሑፎች ስብስብ አለው። ሦስተኛው ቦታ ማንም የማይጠብቀው ነው፤ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው ሴንት ጆንስ። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት በማይክሮፊልም የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ቅጂ ያለው እዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት እያነበቡ ዝርዝሩን ያዘጋጁት፣ በ1988 የማክአርተር ፌሎሺፕ የሚባለውን ትልቅ የአሜሪካ ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ሥራ ላይ እያሉ ነው።

ብዙ የታሪክ ዶክትሬት ፕሮግራሞች እንደ ዘርፉ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ማንበብን ይጠይቃሉ። አማርኛ ቤት ውስጥ እየሰማ አድጎ ፊደል የማይለይ ልጅ ግማሽ ሀብቱን ጥሎታል ማለት ነው። ኮሌጅ ሳይገባ ያስተምሩት። ከ16 ዓመት ጀምሮ የላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ የአንባቢ ካርድ በነጻ ይሰጣል፤ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ንባብ ክፍል ገብቶ የአማርኛ ጽሑፍ ማውጣት ይቻላል። በዚያ ላይ ፈረንሳይኛ፣ አረብኛ ወይም ጣልያንኛ ይጨመር፤ ኮሌጁ የሚፈልገውን ቋንቋ ከመጀመሪያ ደረጃ አልፎ ያስተምር እንደሆነ ጠይቁ።

ገንዘቡና ሥራው

ጥሩ የታሪክ ፒኤችዲ ፕሮግራም ተማሪውን አያስከፍልም፤ ትምህርቱ ነጻ ሆኖ በማስተማር ወይም በምርምር እየረዳ የኑሮ ድጎማ ያገኛል። ድጎማው ግን ትንሽ ነው፤ ዓመታቱም ስድስት ሰባት ይሆናሉ። በእነዚያ ዓመታት የፌዴራል ብድር ክፍያ ቢቆምም አብዛኛው ላይ ወለዱ ይቆጥራል። በመጀመሪያ ዲግሪው ትልቅ ዕዳ የተሸከመ ልጅ ድኅረ ምረቃ ሲደርስ ትምህርቱን ይተዋል፤ አብረውኝ ከጀመሩት ሁለቱ የተዉት ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ ገጹ ላይ ለእናንተ ቤተሰብ ምን ያህል እንደሚያስወጣ የሚያሰላ መሣሪያ እንዲያስቀምጥ ሕግ ያስገድደዋል። የተለጠፈውን ዋጋ ትታችሁ በዚያ አስሉ።

እህቴ «ከዚያስ በኋላ ሥራው?» ስትለኝ አልዋሸኋትም። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ወዲህ የቋሚ ፕሮፌሰርነት ቦታ በጣም ቀንሷል፤ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ስለዚህ ኮሌጁ ሌላም በር የሚከፍት መሆን አለበት፤ በሙዚየምና በአርካይቭ ልምምድ የሚያስገባ፣ የሕግ ወይም የማስተማር መንገድ የማይዘጋ። በዚህ ረገድ ዋሽንግተን ዙሪያ ያለ ኮሌጅ ብልጫ አለው።

ስትጎበኙ የምትጠይቁት

አስጎብኚው ልጅ ጂሙን ያሳያችሁ፤ እናንተ ግን ወደ ታሪክ ትምህርት ክፍሉ ውጡ። አምና ስንት ተማሪ ቴሲስ ጻፈ? አንዱን ማየት እንችላለን? ባለፉት አምስት ዓመታት ዶክትሬት የገባ ተመራቂ አለ፣ የትስ ገባ? የአንደኛ ዓመቱን ወረቀት የሚያርመው ማነው? ለክረምት ምርምር ገንዘብ ትሰጣላችሁ? ሜሎን ሜይስ ወይም ማክኔር የሚባሉት፣ ወደ ዶክትሬት የሚሄዱ ተማሪዎችን የሚደግፉ ፕሮግራሞች እዚህ ይሠራሉ? ለመጀመሪያው ጥያቄ ቁጥር ሊነግራችሁ ያልቻለ ክፍል መልሱን ሰጥቷችኋል።

ካታሎግ አትመኑ። ካታሎጉ ላይ ለዓመታት ያልተሰጠ ኮርስ ሊኖር ይችላል፤ የዚህን ሴሚስተር መርሐ ግብር አውጥታችሁ በርግጥ የሚሰጠውን እዩ። የወደዳችሁት መምህር ቋሚ ይሁን ወይስ የአንድ ዓመት ኮንትራት፣ ስሙ አጠገብ የተጻፈውን ማዕረግ አንብቡ፤ ልጃችሁ ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ ላይኖር ይችላል።

መጨረሻ ላይ ሦስት ቀረን፦ ሴንት ሜሪስ፣ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ፣ እና ያ የአሥራ አራት ተማሪ ክፍል ያየንበት ሩቅ ኮሌጅ። ልቧ ሦስተኛው ላይ ነበር፤ የኔም። የእርዳታው ደብዳቤ ሲመጣ ግን በየዓመቱ የሚጎድለው በወላጆቿ ስም በብድር የሚሞላ ነበር። ደውላ ልመና አቀረበች፤ ጥቂት ጨመሩላት፣ አልበቃም። ሁለት ቀን አለቀሰች። ከዚያ ሜሪላንድን መረጠች፤ ቴሲስ እንደምትጽፍ ከወዲሁ ወስና፣ የኦነርሱን ማመልከቻ ቀን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋ።

ጥቅምት ላይ ከቤተ መዛግብቱ ንባብ ክፍል ፎቶ ላከችልኝ። የደበዘዘ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ዳር ላይ እርሳሷ ይታያል። ከሥሩ «ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ቃል ምንድን ነው የሚለው? ፕሮፌሰሯም እርግጠኛ አይደለችም» ብላ ጽፋለች።